በዲፕሎማዬ መስታወት ሥር የኖሩ ሁለት ንግሥቶች

ባለፈው ሰሞን ልጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄጄ፣ ሰላጣው ላይ አቼቶ ስታንጠባጥብ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ሹካዬ ከእጄ አመለጠኝ። «አባዬ፣ ግፊትህ ነው እንዴ?» ብላ ብድግ አለች። ትን አለኝ ብዬ ሸፈንኩት። ምን ልበላት? ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ የሰላጣ ሳህን ላይ አቀርቅሮ «ጉንዳን ሸተተኝ» ቢል ምሳው ሳያልቅ ሐኪም ቤት መወሰዱ ነው። እውነቱ ግን እሱ ነው። በጣት ሲጨፈለቁ ልክ እንደ አቼቶ የሚሸቱ ጥቁር ጉንዳኖች አሉ። እነሱ ሲሸቱኝ የእህቴ የዘይነባ ግቢ ይመጣብኛል፤ ግቢውን ለሁለት ሊሰነጥቅ የተቆለለው የግንብ ድንጋይ ይመጣብኛል፤ ግንቡን ለማስቀረት የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች፣ በመካከላቸውም የዓለምን ምሥጢር በፎጣ ሸፍኖ የተቀመጠው ሞኝ ይመጣብኛል። ሞኙ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት አለፈው፤ ድንጋጤው ግን ዛሬም ከነሙቀቱ አለ።

ዘመኑ መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ገና ያልሰከነበት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በጫማ ነው። ተማሪው ሁሉ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ ሲገባ ክፍሉ እንደ ረግረግ ጭቅ ጭቅ የሚልበት ዘመን በሉት። ጎንደር ፒያሳ ላይ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያ አውጥተው ይፎካከሩ ነበር፤ አንዱ የፍቅር እንጉርጉሮ ሲለቅ ሌላው እስክስታ ይለቅበታል፤ በመካከል የሚያልፍ ሰው ልቡ ወዲያ ትከሻው ወዲህ ይሆንበታል። ሻይ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፣ ዳቦም በሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ያን ሳንቲም ባሳያቸው የካፖርት ቁልፍ ነው ብለው ይጥሉታል። ከመተማ በኩል የሱዳን ሽቶ ይገባል፤ ዓርብ ከሰላት በኋላ የአዲስ ዓለም ሰው ከመስጊድ ሲወጣ መንገዱ በሙሉ ከሳጥን አሁን የወጣ ጨርቅ ይመስል ነበር። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። አባቶቼ አቡጀዲና ሺቲ እየሸጡ ኖረዋል፤ እኔ ግን አንድ ክንድ ጨርቅ በልኩ መቅደድ ስላቃተኝ ወደ ትምህርት የተባረርኩ ነኝ። ያለችኝ ቡናማ ቴትሮን ሱሪ ጉልበትና ጉልበቷ ነጥቶ ነበር። የሰፈሩ እናቶች «ኑሩ እንዴት ያለ ሰጋጅ ወጣው፣ ጉልበቱን እዩልኝ» እያሉ ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ጉልበቷ ያለቀው ግን ቀሐ ወንዝ ዳር፣ በጉንዳን ጉድጓድ ፊት ስንበረከክ ነው።

ጉንዳን ሁሉ አንድ ነው ለሚል ሰው ዛሬም አዝንለታለሁ። ያኔ ባለቤቱን ሳላይ ቤቱን ከደጃፉ እለይ ነበር። ጉድጓዱ ዙሪያ ገለባ በክብ ከተከመረ እህል ሰብሳቢዎቹ ናቸው፤ የሣር ፍሬ እየለቀሙ ያስገባሉ፣ ገለባውን እንደ አውድማ ወደ ውጭ ያራግፋሉ፣ ዝናብ ያራሰባቸው እንደሆነም ፍሬውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ዛፍ ላይ ኖራ፣ ቅርንጫፏ ሲነካባት ቂጧን ከራሷ በላይ የምትሰቅለዋ ሌላ ናት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር በወንፊት የተነፋ የሚመስል አፈር ተገኝቶ፣ ጣት ሲገባበት አቼቶ ከሸተተ የኔ ጥቁሮች ናቸው። ገብረ ጉንዳን ደግሞ ደጃፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፤ በሄደበት የሚያገኘውን ይጠርጋል።

የገብረ ጉንዳንን ነገር ያወቅሁት ከዚያ በፊት መካነ ብርሃን ሳስተምር፣ አያ ደምሴ ዘንድ ነው። አያ ደምሴ ገብሱንና ማሩን በአጋሰስ ጭኖ ጎንደር ድረስ የሚወርድ የጃናሞራ ገበሬ ነው፤ የእህቴ ባል የሐጂ ያሲን የልብ ወዳጅ ስለነበር እዚያ አገር በብርድ እንዳልሞት አደራ የተሰጠሁት ለእሱ ነበር። ገብረ ጉንዳን ቀፎውን እንዳይወርርበት በየቀፎው ሥር አመድ እየነሰነሰ ሲዞር እኔ ከኋላው እከተላለሁ፤ እሱ ስለ ማሩ ይጨነቃል፣ እኔ ስለ ጉንዳኑ።

«አያ ደምሴ፣ እኮ የጉንዳንም የንብም አለቃዋ ሴት ናት» አልኩት አንድ ቀን።

«ምነው፣ ወንዱ ምን ሆኖ?»

«እንቁላሉን ሁሉ የምትጥለው እሷ ናታ።»

«እንቁላል በመጣልማ ከሆነ ቀይዋ ዶሮዬም አለቃዬ ናት።» አመዱን ከእጁ አራገፈ። «እኛ አውራ ነው የምንለው። አውራ ደግሞ ሴት ሆኖ አያውቅም። አንተ ሸጋ ልጅ ነበርህ፤ መጽሐፍ አበላሸህ።»

እስከ ዕለተ ሞቱ አላመነኝም።

ወደ ከተማ ከተዛወርኩ በኋላ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ብልጭ ባለች ከሰዓት፣ ከፋሲል መዋኛ አጥር አልፌ ቀሐ ዳር ቁጭ ብያለሁ። ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከየድንጋዩ ሥር እየወጡ አየሩን ሞሉት። አንዷ ፊቴ ወደቀች፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሆድ ያላት። ንግሥት መሆኗን አወቅሁ፤ ቀጥሎ የምታደርገውንም ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ግን ማየት አይደለም። እግሯን ወደ ኋላ አዙራ የገዛ ክንፏን ነቅላ ጣለች። አንዱን ነቀለች፣ ትንሽ አረፍ አለች፣ ሌላውን ነቀለች፣ ዞርም ብላ ሳታየው መሬት መቆፈር ጀመረች። እኔ ራሴ ትከሻዬን ይዤ ቀረሁ። ያ ክንፍ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር የተሰጣት። ከዚህ በኋላ ጨለማ ውስጥ ገብታ ደጇን ትዘጋለች፤ አትበላም፣ አትጠጣም፤ የበረረችበትን ሥጋ ከውስጧ እያቀለጠች የመጀመሪያዎቹን ልጆቿን ታሳድጋለች።

ከዚያ የባሰው በማግስቱ ገጠመኝ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ባነሳ፣ በአንዲት ጉድጓድ ሁለት ንግሥቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መጽሐፌ አንዲት ንግሥት ብቻዋን ትጀምራለች ነው የሚለው። ስስ የሽንኩርት ልጣጭ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ አድርጌ አፍሼ በብልቃጥ ይዣቸው ሮጥኩ። ቤት ስደርስ የሚያሳይ ዕቃ የለኝም። ግድግዳዬ ላይ ዲፕሎማዬ በመስታወት ተቀምጦ ነበር። መስታወቱን አውልቄ ለሁለት አስቆረጥኩት፤ በሁለቱ መካከል ጀሶ አፍስሼ፣ ጀሶው ላይ መኝታ ቤት ቆፍሬ አስገባኋቸው። ዲፕሎማው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ፤ ኋላ አይጥ ማዕረጉን በላችው። ክረምቱን ሙሉ ፎጣውን እየገለጥኩ ሳያቸው ከረምኩ። እንቁላላቸውን በአንድ ላይ ከምረዋል፤ የአንዷን ከሌላዋ መለየት የለም። አንዷ ስትልስ ሌላዋ ትጠብቃለች፤ ራሳቸውም እርስ በርስ ይላላሳሉ። የሰው ልጅ ከዚህ ቢማር ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። አስተማሪ እንዲህ ማለት ሲጀምር ከሱ መሸሽ ነው።

በዚያው ክረምት የእህቴ ቤት እየፈረሰ ነበር። ሐጂ ያሲን ሁለት ሚስቶች ነበሯቸው። የመጀመሪያዋ ዘይነባ እህቴ ናት፤ አጭር፣ ምላሷ ከቁመቷ የሚረዝም፣ ሁለት ኮረዳ ልጆች ያሏት። ሁለተኛዋ ሐዋ ረጅምና ዝምተኛ ናት፤ ወንዶች ልጆቿ ገና ትንንሽ ነበሩ። ጣውንት ናቸው፤ ግን ሰው አይቶ የሚገረምባቸው ጣውንቶች። አንድ ማድቤት፣ አንድ ጉልቻ ነበራቸው። ሐዋ ስትወልድ ያረሰቻት ዘይነባ ናት፤ ዘይነባ በወባ ስትወድቅ ራሷን ደግፋ ውሃ ያጠጣቻት ሐዋ ናት። ሐጂ ሞቱ። በባል ሞት የሚቀመጡትን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳቸውን፣ አብረው ጥቁር ሳይሆን ነጭ ለብሰው፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጨረሱ። ከዒዳ የወጡ ዕለት ጠብ ተነሣ፤ ጠቡም ከሐጂ በቀረው የጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ማን ይቀመጥ የሚል ነው። «ከሐጂ ጋር መደርደሪያውን ያቆምኩ እኔ ነኝ» ትላለች ዘይነባ። «ገና የማሳድጋቸው ልጆች ያሉኝ እኔ ነኝ» ትላለች ሐዋ። የዘይነባ ልጆች እናታቸውን ይገፋፏታል፣ የሐዋ ወንድሞች እህታቸውን። መስከረም ሲጠባ ግቢው መካከል የግንብ ድንጋይ ተራገፈ። ከዚያ ወዲህ አንዷ ጉልቻ ሁለት ሆነች፤ ትንንሾቹ ልጆች ወደ የትኛው ማድቤት እንደሚሮጡ ግራ ገብቷቸው መሐል ላይ ይቆሙ ጀመር።

እኔ ደግሞ ያለ ጥቅሜ አልተጨነቅሁም። «ግንቡ ከተሠራ ቤቴ ይጠበኛል፤ ሴቶቹን ልጆች አንተ ጋ እልካቸዋለሁ» ብላኛለች ዘይነባ። አንዲት ክፍል ነው ያለችኝ፤ እሷም በጉንዳን ብልቃጥ ተሞልታለች። ሁለት ኮረዳዎች ገብተው ብልቃጦቼን ሲያጥቡ ታየኝና ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ሽምግልናው ዓርብ ከሰላት በኋላ፣ በግቢው ወይራ ሥር ሆነ። የመስጊዳችን ሸኽ መጡ። አያ ደምሴ የወዳጁ ቤት ሲፈርስ አላይም ብሎ ከመካነ ብርሃን ድረስ ወርዷል። ዘይነባ በአንድ ወገን፣ ሐዋ በሌላው፣ የድንጋዩ ክምር በመካከል። ግንበኛው ሳይቀር መዶሻውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ቢጣሉ ሥራ አለ፣ ቢታረቁ ሻይ አለ። ሸኹ ስለ ጉርብትና ሐቅ ተናገሩ። አያ ደምሴ ስለ ሐጂ ተናግሮ አለቀሰ። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ይኼኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ፎጣ የተሸፈነውን መስታወት ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ የማሳያችሁ ነገር አለ» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ጉንዳንህን ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለች ዘይነባ ቀና ብላ።

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ስሚ። እነዚህ ሁለት ንግሥቶች ናቸው። ክረምቱን በሙሉ በአንዲት ጠባብ ቤት ኖረዋል። እንቁላላቸውን አልለዩም፣ መኝታቸውን አልለዩም። በዚህ ሳምንት ደግሞ የመጀመሪያ ልጆቻቸው ወጥተዋል። ሰው እንዴት ከጉንዳን ያንሳል?» ሐዋ እንኳ ዓይኗን ከመሬት አነሣች። አያ ደምሴ «ንግሥት አለ ደግሞ፣ አውራ በል» ብሎ አጉረመረመ። ፎጣውን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ በሁለት ጣቴ አነሣሁት።

መጀመሪያ ያየችው ሐዋ ናት። «ምን እያደረጓት ነው?» አለች።

ጎንበስ አልኩ። ከሁለቱ ንግሥቶች አንዷ በጀርባዋ ወድቃለች። ትንንሾቹ፣ ገና ቀለማቸው ያልጠቆረ፣ ጠዋት ሳያቸው እንደ ሕፃን ያማሩኝ ልጆች እግር እግሯን ነክሰው ወደ አራት ማዕዘን ይጎትቷታል። ሌላዋ ንግሥት፣ ክረምቱን ሙሉ ስትልሳት የከረመችው፣ አንገቷን ይዛለች። አንድ እግሯ ተቆርጦ ጀሶው ላይ ብቻውን ወድቋል። እኔ ያዘጋጀሁት ስብከት ነበር፤ መስታወቱ ሥር ያለው ግን ሌላ ነው። ሸኹ ቀስ ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉ። አያ ደምሴ መነጽር የለውምና አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ አይቶ፣ አይቶ፣ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«የትኛዋ ናት መጀመሪያ የነበረችው?» አለች ዘይነባ። ድምፅዋን አላወቅሁትም።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ልጆቹስ? የማን ልጆች ናቸው?»

«አይለዩም። የሁለቱም ናቸው።»

«የገዛ እናቱን የሚጎትት አለ ማለት ነው።»

ዋሽቼ ማምለጥ ፈለግሁ፤ ግን ሁሉም አፌን ያያሉ። «ይኖራል» አልኩ።

ሐዋ ጠጋ አለች። «ክረምቱን ሙሉ አብረው ከርመው፣ ለምን ዛሬ?»

«ክረምቱንማ ይፈላለጉ ነበር» አልኩ፤ እያሰብኩ ሳይሆን እየተንተባተብኩ። «አንዷ ብቻዋን ልጅ አታደርስም ነበር። አሁን ልጆቹ ወጡ። ልጆቹ ከወጡ ቤቱ ሁለት አይችልም መሰለኝ።»

የዘይነባ ትልቋ ልጅ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ዘይነባ ልጇ የገባችበትን በር አየች፤ ሐዋ ደግሞ ዘይነባን አየች።

«ለያቸው» አለች ሐዋ።

«ከተከፈተ ሁሉም ሊሞቱ ይችላሉ።»

«ክፈት ተብለሃል፣ ኑሩ» አለች ዘይነባ።

መስታወቱን ወስፌ አስገብቼ ፈለቀቅሁት። የአቼቶው ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሸኹ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ያዙ። በክብሪት እንጨት ልለያቸው ስል ዘይነባ እንጨቱን ነጠቀችኝ። ሐዋ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አመጣች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ራስ ለራስ ተጋጥመው፣ ሻሻቸው እየተነካካ፣ ያችን የተነከሰች ንግሥት ከልጆቿ ጥርስ ማላቀቅ ጀመሩ። «ቀስ፣ እግሯን» ትላለች አንዷ። «አንቺ አንገቷን ያዥ፣ እኔ ይቺን ልጅ ላንሣ» ትላለች ሌላዋ። ከዒዳ ወዲህ ያን ያህል ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም። ሁለቱ ንግሥቶች በየብርጭቆው ገቡ። ልጆቹንስ ለማን? ብዬ ስጠይቅ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ «እኩል አድርግ» አሉኝ። እኔም እንቁላሉንም ልጆቹንም እንደ ርስት አካፈልኩ።

ሸኹ ሻሻቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንመለስ» አሉ።

«ጉዳያችን አልቋል» አለች ዘይነባ፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ግንቡ ይሠራል።»

ሐዋን አየኋት፤ እሷ እንኳ ትቃወማለች ብዬ።

«ይሠራል» አለች ሐዋም። «ሱቁንም ሳምንት ለሳምንት እንቀመጥበታለን።»

«ምነው ልጆቼ፣ እኛ ልናስታርቃችሁ እኮ ነው የመጣነው» አለ አያ ደምሴ። «ታርቆ ግንብ መገንባት የት አገር አለ?»

«ታረቅን እኮ፣ አያ ደምሴ» አለችው ሐዋ። «ሳንናከስ ነው የምንገነባው።»

አያ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ሁለተኛ ሽምግልና ጉንዳን ይዘህ እንዳትመጣ» አለኝ። እኔም ያን ቀን ጠቤ ከጉንዳን ጋር ነበር። ያን ያህል ዘመን ተንበርክኬ ሳያቸው፣ እኔ የፈለግሁትን ብቻ ሲያሳዩኝ ከርመው፣ ሰው ፊት አሳፈሩኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ብርጭቆዎች ራስጌዬ አስቀመጥኩ። የተነከሰችው አንካሳ ሆና ኖረች። ብቻዋን ልጆቿን አሳደገች፤ ሌላዋም አሳደገች፤ ሁለቱንም የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ቀሐ ዳር፣ በተራራቀ ድንጋይ ሥር ለቀቅኋቸው።

ግንበኛው ሥራውን ቅዳሜ ጀመረ። እኔም ሐዘንተኛ መስዬ ሄጄ ቆሜ አያለሁ። ድንጋይ በድንጋይ እያደረገ ግንቡ ጉልበት አለፈ፣ ወገብ ደረሰ። ዘይነባ ከወዲህ በኩል መጥታ ተጠጋችና፣ ክርኗን በግንቡ ላይ አስደግፋ ለካችው። «ቁም» አለችው።

«እንዴት ቁም? ገና መጀመሬ ነው እኮ፣ እመቤቴ» አለ ግንበኛው። «ይኼ ሌባ አይከለክልም፣ ፍየል አይከለክልም። ግንብ ነው ወይስ ጠረጴዛ?»

ሐዋ ከወዲያ በኩል እጇን በሊጥ እንደተለወሰ መጣች። ግንቡን አየችው፤ ዘይነባን አየቻት። «ሰውዬ፣ ቁም ተባልክ» አለችው።

ግንበኛው መዶሻውን አስቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ጭቃው ሳይደርቅ የሐዋ ወንዶች ልጆች በሆዳቸው እየተሳቡ ተሻገሩ። ኮረዳዎቹም እኔ ጋ አልመጡም፤ የእናታቸው ቤት ሲጠብባቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በግንቡ ላይ ዘለው ሐዋ ዘንድ ያድሩ ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ያን ዕለት የማውቀው ግንቡ መሠራቱን ብቻ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ዘይነባ የምሳውን ትሪ ይዛ ከማድቤቷ ወጣች፤ መጥታም ግንቡ ላይ አሳረፈችው። ከወዲያ ሐዋ ሳህን በሳህን ላይ ደርባ መጣች፤ ወጥዋን ትሪው ላይ ገለበጠች። ሁለቱ፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ ቆመው መብላት ጀመሩ። ሁላችንም ልናስቀረው ተሰብስበን የነበረውን ግንብ እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ያፈዝሃል?» አለችኝ ሐዋ ከወዲያ በኩል፣ የጠቀለለችውን ጉርሻ እያሻገረችልኝ። «ቅረብና ብላ እንጂ።»